የቆየ ተርቦ ናፍጣ ዳገት አልወጣ ሲል፦ ተርቦው ከመነቀሉ በፊት የሚደረግ ምርመራ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናነሣው ጋራዥ በር ላይ በየቀኑ የሚሰማ አቤቱታ ነው፦ «መኪናው ጉልበት አነሰው፤ ዳገት ላይ ይሞትብኛል።» መኪናው ተርቦ (በጭሱ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ካለው ፍርዱም አብሮ ይመጣል፦ «ተርቦው አልቋል።» ባለቤቱ ገንዘብ ፈላልጎ ያገለገለ ተርቦ ይገዛል፣ ይገጠምለታል፣ መኪናው ግን ያው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ይሻለውና ያ የተገዛው ተርቦም ማፏጨትና ዘይት መትፋት ይጀምራል። ተርቦ በራሱ ጊዜ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ወይ ሳይሞት ይፈረድበታል፣ ወይ ሌላ ነገር ገድሎታል። ስለዚህ በምርመራው ቅደም ተከተል ተርቦውን መጨረሻ ላይ እናስቀምጠዋለን።

ለማሳያ የምንይዘው ሁላችሁም የምታውቋቸውን ሁለት የቶዮታ ሞተሮች ነው፤ 2.5 ሊትሩን 2ኬዲ እና 3 ሊትሩን 1ኬዲ። ሃይሉክስ ቪጎ ላይ ሁለቱም አሉ፣ ፕራዶ 120 ላይ 1ኬዲው አለ። ሁለቱም ኮመን ሬል ናቸው፤ ይኸውም ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት አንድ የጋራ ቧንቧ (ሬል) ውስጥ ተጠራቅሞ ኮምፒውተሩ ባዘዘው መጠን በኢንጀክተር ይረጫል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ እነዚህ መኪኖች ከመንገድ የሚወጡበት ቀን ርቋል፤ ምርመራውን በደንብ ማወቁ ያዋጣል።

ኮፈኑ ሳይከፈት

«ጉልበት አጣ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንዳንዱ ችግር ሞተሩ ውስጥ እንኳ አይደለም። በ4ኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጡት። የሞተሩ ዙር ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ጉልበቱ ፍሪሲዮን ላይ እየቀለጠ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ስትቆሙ ደግሞ እጃችሁን ሳትነኩ ወደየቸርኬው አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ የተያዘ ፍሬን አለ። ፔዳሉም ይታይ። በወፍራም ምንጣፍ ምክንያት እስከ መጨረሻው የማይወርድ ፔዳል የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን አለ። በገመድ በሚሠሩት የድሮ ናፍጣዎች አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ፓምፑ ላይ ያለው ክንድ ማቆሚያውን መንካቱን ይይ።

ከዚያ ባለቤቱን ጠይቁት። በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቁልፍ ጠፍቶ ሲነሣ ይመለሳል? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ትናገራለች። በድንገት ሞቶ፣ ቁልፍ ተዘግቶ ሲከፈት ደህና የሚሆን መኪና ኮምፒውተሩ ራሱን ለመጠበቅ ጉልበት የቆረጠበት ነው። እንዲህ ያለው መኪና ስህተቱን መዝግቦታል። ስለዚህ ባትሪ ነቅሎ «ማደስ» የሚባለውን ልማድ ተዉት። የስህተቱ ኮድ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ችግሩ በተፈጠረባት ቅጽበት የነበረው የሞተር ዙር፣ የውሃ ሙቀትና ጭነትም አብሮ ይጠፋል። ከኮዱ ይልቅ ይሄ መረጃ ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ስለ ጭስ ሁላችሁም አንድ ደንብ ታውቃላችሁ፦ ጥቁር ጭስ ካለ ናፍጣው አለ አየሩ ጎድሏል፣ ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከሌለ ናፍጣው ጎድሏል። በድሮው ፓምፕ ይሄ በደንብ ይሠራል። በኮመን ሬል ግን አንድ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ኮምፒውተሩ ናፍጣ የሚመዝነው የአየር መለኪያው ሴንሰር በነገረው ልክ ነው። ሴንሰሩ ቆሽሾ አየሩን አሳንሶ ከነገረው ናፍጣውንም አብሮ ይቀንሰዋል፤ መኪናው ይደክማል፣ ጭስ ግን አይታይም። አየሩ ከተለካ በኋላ በተቀደደ ቱቦ ሲወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ አለ ብሎ ላሰበው አየር ናፍጣ ይልካል፤ ያኔ ጥቁር ጭስ ይግተለተላል። የአየር ችግር ሁሉ ያጨሳል ማለት አይደለም።

የአዲስ አበባ አየርና የመጽሐፉ ቁጥር

ጃፓን ወይም አውሮፓ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። እዚያ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ፣ 2,300 ሜትር አልፎ፣ 76 ወይም 77 ነው። አዋሽ ስትወርዱ ወደ 90 ይጠጋል፤ ታርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ 70 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሩቡን ያህል አየሩን ገና ሲነሣ አጥቷል። ተርቦ ያለው ግን ጉድለቱን ይሞላል፤ የሚሞላውም ይበልጥ ፈጥኖ በመሽከርከር ነው። ሒሳቡን እንየው። ከውጭው አየር 1 ባር በላይ እንዲጨምቅ የተፈለገ ተርቦ ባሕር ጠለል ላይ አየሩን 2 እጥፍ ያደርገዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ 1 ባር ለማግኘት 2.3 እጥፍ ያህል መጭመቅ አለበት። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ያልታወቀች ትንሽ የቱቦ ቀዳዳ እዚህ ዳገት ላይ ትታወቃለች።

ከዚህ የሚመጡ ሁለት የእጅ ሥራዎች አሉ። አንደኛው፣ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክታችሁ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሡ። የማኒፎልድ (አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚከፋፈልበት ቧንቧ) ግፊት ሴንሰሩ አሁን የሚያነበው የውጭውን አየር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ከ75 እስከ 78 ማሳየት አለበት። 100 ካለ ወይም 60 ካለ ሴንሰሩ ወይ ገመዱ ዋሽቷል፤ ከዚያ በኋላ የምታነቡት የተርቦ ግፊት ሁሉ ውሸት ነው። ይሄ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቫክዩምን ይመለከታል። በብዙ ኒሳንና ሚትሱቢሺ ፒክአፖች የተርቦው ክንድ (ግፊቱን የሚቆጣጠረው) የሚታዘዘው በቫክዩም ነው። መጽሐፉ «ፓምፑ 26 ወይም 27 ኢንች ሜርኩሪ ይሳብ» ካለ አዲስ አበባ ላይ ያንን የሚያመጣ ፓምፕ የለም፤ አየሩ ራሱ ከ23 ኢንች አይበልጥም። እዚህ 20 እና 21 የሚስብ ፓምፕ ጤነኛ ነው። በዚህ ቁጥር የተነሣ ያለ ጥፋቱ የተቀየረው ፓምፕ ቀላል አይደለም።

መንገድ ላይ መለካት

የቆመ መኪና ላይ ነዳጅ እየረገጡ ተርቦ መፈተሽ ብዙም አይጠቅምም፤ ጭነት የለም፣ የጭሱ ጉልበት ተርቦውን አይነዳውም። ረጅም፣ ትራፊክ የማይበዛበት ዳገት ምረጡ። ሞተሩ ይሙቅ። በ3ኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ እስከ 3,500 ድረስ መጎተት ነው። ሾፌሩ መንገዱን ያያል፤ ስካነሩን ሌላ ሰው ይያዝ ወይም ራሱ ይቅረጽ። ርካሹ የብሉቱዝ መሣሪያም ይሠራል፣ ግን ብዙ መስመር አትምረጡ፤ 20 ነገር ባንዴ ካስነበባችሁት እያንዳንዱ በስንት ሴኮንድ አንዴ ነው የሚታደሰው። የሚያስፈልጉን የሞተር ዙር፣ የማኒፎልድ ግፊት፣ የአየር መለኪያው በሴኮንድ የሚያሳልፈው ግራም፣ የታዘዘው የሬል ግፊት እና በተግባር የተገኘው የሬል ግፊት ናቸው።

ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። 2ኬዲ በ3,000 ዙር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ያህል 2.5 ሊትር አየር ይውጣል፤ በሴኮንድ 62 ሊትር ማለት ነው። ማኒፎልዱ 176 ኪሎፓስካል ላይ፣ አየሩ ኢንተርኩለሩን (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) አልፎ 50 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። እንዲህ ያለው አየር አንዱ ሊትር 1.9 ግራም ይመዝናል፣ ጠቅላላው 118 ግራም መጣ። ሞተር ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ 85 በመቶውን ውሰዱ፤ አየር መለኪያው 100 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት።

አሁን ግፊቱ 176 ሆኖ መለኪያው 65 ግራም ካሳየ ተርቦውን ተዉት። ወይ መለኪያው ቆሽሿል፣ ወይ ከመለኪያው በኋላ ተርቦው አፍ ጋ ከመድረሱ በፊት ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ይሄ ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ በዚያ ቀዳዳ የሚገባው አየር በፊልትሮ አላለፈም፣ አቧራውን ይዞ የተርቦውን ምላጭ ይሞርደዋል። የተገላቢጦሽ፣ መለኪያው ደህና ቁጥር እያሳየ ግፊቱ ካልወጣ አየሩ ገብቶ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ከተርቦው በኋላ ቀዳዳ ፈልጉ። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ተርቦው በበቂ አልተሽከረከረም፤ የፊልትሮ መዘጋት፣ የጭስ መውጫ መታፈን፣ የተርቦው መቆጣጠሪያ ወይም ክፍት የቀረ ኢጂአር (ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ) ይጠረጠራል። ሁለቱም ደህና ሆነው የሬል ግፊቱ ከታዘዘው እየራቀ ከወረደ ጉዳዩ ናፍጣ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ መኪናው ከደከመ ኢንጀክተሮቹን፣ ኮምፕሬሽኑን እና የታይሚንግ ቺንጋውን ምልክት እንይ።

አየሩ የሚያመልጥበት

ብዙ መኪና የሚድነው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪውም የአንድ ቱቦ ወይም የአንድ ፋሸታ ዋጋ ነው። ነገር ግን በዐይን ብቻ መፈለግ ያታልላል። የጎማ ቱቦው የሚሰነጠቀው ከላይ በኩል አይደለም፤ ከታች፣ ከሞተሩ ወይም ከቅንፍ ጋር በሚፋተግበት ወገኑ ነው። ቆሞ ሳለ ስንጥቁ ተገጣጥሞ ይተኛል፤ ግፊት ሲገባበት ብቻ እንደ አፍ ይከፈታል። በጣታችሁ ቱቦውን ከሥር እየጨመቃችሁ ዳብሱት፤ ዘይት የጠጣ ጎማ ለስላሳና የተነፋ ሆኖ ይገኛል፣ እሱ ሰንጥቆ ባይሆን እንኳ ሊሰነጠቅ የተዘጋጀ ነው።

እርግጠኛው ነገር የግፊት ፈተና ነው። መሣሪያው ብዙ ወጪ የለውም። ተርቦው አየር ከሚስብበት አፍ ጋር የሚገጥም የፕላስቲክ ቧንቧ መክደኛ ውሰዱ፣ መሐሉን ብሱትና የጎማ ባልቦላ ክተቱበት፤ የማስገቢያውን ቱቦ ከአየር መለኪያው በኩል ፍቱና በፋሸታ እሰሩት። ከኮምፕረሰሩ በመቆጣጠሪያ አድርጋችሁ ከ0.5 ባር ጀምሩ፤ 1 ባር አትለፉ። ያለ መቆጣጠሪያ የጎማ መንፊያውን በቀጥታ የሚሰክት ሰው መክደኛውን ፊቱ ላይ ያስፈነጥረዋል።

አየሩ ሲገባ መጀመሪያ ጆሮ ነው የሚሠራው። ከዚያ በሳሙና ውሃ የተነከረ ብሩሽ ይዛችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ የኢንተርኩለሩን ጎንና ጎን ያለውን የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ስፌት፣ የግፊት ሴንሰሩን ቀጭን ቱቦ፣ የኢጂአሩን ጋስኬት ቀቡ። አረፋው ከተነፋ እዚያ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፦ የሞተሩ ባልቦላ ክፍት በሆነበት ሲሊንደር በኩል ወደ ማርሚታው የሚወጣ አየር ይኖራል፣ በሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በኩል ወደ ዘይት መሙያው የሚሄድም ይኖራል። ሞተሩን በእጅ ሩብ ዙር አዙራችሁ ድጋሚ ብትሞክሩ የመጀመሪያው ቦታውን ይቀይራል፤ የቱቦ ቀዳዳ ግን አይንቀሳቀስም።

ኢንተርኩለሩ ውስጥ ስስ የዘይት ሽፋን መኖሩ ተርቦው አልቋል ማለት አይደለም። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣ የዘይት እንፋሎት በዚያው ያልፋል። ቱቦው ሲፈታ ዘይት የሚፈስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ አየር መለኪያው ሴንሰር አጭር ቃል። ማጽጃው ለዚሁ ሴንሰር የተሠራው እንጂ የካርቡሬተር ማጽጃው አይደለም፣ በጨርቅና በብሩሽም አይነካም። ዘይት የተቀባ የጨርቅ ፊልትሮ የገጠመ ሰው ይሄንን ሴንሰር ደጋግሞ ሲያጸዳ መኖሩን ይወቅ።

ናፍጣው

2ኬዲም ሆነ 1ኬዲ ታንኩ ውስጥ የሚገፋ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የላቸውም። ከፊት ያለው ፓምፕ ራሱ ከታንኩ ስቦ ያመጣል። ትርጉሙ ምንድነው? ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር በሙሉ በመሳብ ላይ ነው፤ ስለዚህ የላላ መጋጠሚያ ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል። «የሚንጠባጠብ የለም፣ ደህና ነው» ማለት እዚህ አይሠራም።

ፊልትሮው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በናፍጣው ጥራት ነው የሚቀየረው። ሲቀየር አሮጌውን ቁረጡና ወረቀቱን ዘርጉት፤ ቡናማ አተላ፣ የዝገት ብናኝ ወይም ውሃ ካያችሁ ሕመሙ ታንኩ ውስጥ ነው፣ አዲሱም ፊልትሮ ብዙ አይቆይም። ከፓምፑ በፊት አጭር፣ ናፍጣ የሚችል ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ግጠሙና ሞተሩን በሚኒሞ፣ ከዚያም በ2,500 ዙር ተመልከቱት። ስፑርጎ ከተደረገ (አየሩ ከናፍጣ መስመሩ ከተለቀቀ) በኋላ አንዳንድ አረፋ ያልፋል፣ ይጠፋል። ሳያቋርጥ የሚፈስ አረፋ ካለ አየር ይገባል። ቦታውን ለማጥበብ 5 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን አድርጋችሁ ከፍ አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ቱቦውን ቀጥታ ወደ ፊልትሮው አፍ ስጡት። በዚህ መኪናው ጉልበቱን ካገኘ ፓምፑም ኢንጀክተሩም ከጥፋት ነጻ ናቸው፤ የታንኩ ወንፊት፣ የታንኩ መተንፈሻ ወይም መስመሩ ነው። መተንፈሻው የተዘጋ ታንክ ክዳኑ ሲከፈት «ፍሽሽ» ብሎ አየር ይስባል።

የሬል ግፊቱ ሚኒሞ ላይ ከ300 እስከ 400 ባር አካባቢ ነው፤ ሙሉ ጭነት ላይ ከ1,000 ባር ብዙ ይበልጣል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። ሞተሩ እየሠራ የሬል ቧንቧ አትፍቱ፣ የሚንጠባጠብ ካለም በእጅ አትፈልጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ወግቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው ትንሽና ሕመም የሌለው ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። በድሮው ፓምፕ «ኖዝሉን አላልተህ የትኛው እንደሞተ ስማ» የሚባለው ዘዴ እዚህ ክልክል ነው።

በጉተታው ወቅት የታዘዘውና የተገኘው ግፊት ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። ለቅጽበት ቢለያዩ ምንም አይደለም። የተገኘው ወደ ኋላ ቀርቶ ከቀረና ኮድ ፒ0087 ከመጣ፣ ከፊልትሮውና ከመስመሩ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፓምፑ ላይ ያለው የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ይሄው ቫልቭ ሲጣበቅ ከታዘዘው በላይ የሚልክበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ቶዮታዎቹ ፒ1229 ያወጣሉ፣ ሚኒሞውም ይዋልላል። ቫልቩ ለብቻው ይሸጣል፣ ፓምፕ መግዛት አያስፈልግም። ከተቀየረ በኋላ ስካነሩ ላይ ያለውን የፓምፕ ማስተማሪያ ማስኬድ ግን የግድ ነው፤ ይሄን የዘለለ ሰው «አዲሱም አልሠራም» ብሎ ወደ ፓምፕ ይሄዳል።

ለኢንጀክተሮች ሚኒሞ ላይ ስካነሩ የሚያሳየውን የእያንዳንዱን ሲሊንደር ማስተካከያ አንብቡ። ሞተሩ ሞቆ ከፕላስ 3 እስከ ማይነስ 3 ውስጥ ያለ ደህና ነው፤ አንዱ ብቻውን ከዚህ ከራቀ እሱን ጠርጥሩት። ኢንጀክተር ስትቀይሩ ወይም ቦታ ስታለዋውጡ አናቱ ላይ የታተመው ኮድ በየሲሊንደሩ መመዝገብ አለበት።

ኢጂአርና ማርሚታ

ኢጂአሩ ክፍት ሆኖ ከደረቀ የተቃጠለ ጭስ ንጹሑን አየር ይተካል፣ ተርቦው የሚነዳበትም ጭስ ይቀንሳል። ለምርመራ ያህል በቀጭን ላሜራ መንገዱን ዘግታችሁ ያንኑ ዳገት ውጡ፤ ለውጥ ካለ ኢጂአሩን ፍቱና አጽዱ። ሲፈታ ማኒፎልዱም ይታይ፤ ዘይትና ጥላሸት ተጋግሮ የመግቢያው ቀዳዳ ግማሽ ሆኖ የሚገኝበት ሞተር አለ።

የጭስ መውጫ መታፈን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ካታሊስት ያለው ሞተር ላይ፣ ወይም ተገጭቶ የውስጥ ሽፋኑ የታጠፈ ቧንቧ ላይ፣ ተርቦው ከኋላ ታንቆ አይሽከረከርም። ቀላሉ ማጣሪያ ከተርቦው በታች ያለውን መጋጠሚያ አላልቶ ለአጭር ጉተታ መሞከር ነው፤ ይጮሃል፣ ግን መልሱን ይሰጣል።

ተርቦው ራሱ

እዚህ ድረስ መጥተን ካልተገኘ ተርቦውን እንንካው፤ ከመቆጣጠሪያው ግን እንጀምር። ሁለት ዓይነት አለ፣ ሁለቱም ሲበላሹ የሚያሳዩት ጠባይ ተቃራኒ ነው።

ዌስትጌት (ትርፉን ጭስ በተርቦው ጎን የምታሳልፍ መውጫ) ያለው፣ ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ 2ኬዲዎች፣ ግፊቱ በራሱ ወደ ክንዱ መጥቶ መውጫዋን ይከፍታል። ወደ ክንዱ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ቢበጠስ ወይም ዲያፍራሙ ቢቀደድ መውጫዋ አትከፈትም፤ ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መኪናው እየጎተተ ሄዶ ድንገት የሚቆረጠው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ኮዱም ፒ0234 ነው። ግፊት ካነሰ የምንፈልገው ሌላ ነው፦ በጥላሸት ተይዛ ክፍት የቀረች ወይም መቀመጫዋ የተበላ መውጫ። ክንዱን በመቆጣጠሪያ አየር ስጡት፤ ዘንጉ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ መመለስ፣ አየሩ ሲዘጋም ግፊቱን ይዞ መቆየት አለበት።

ተለዋዋጭ ክንፍ ያለው፣ እንደ 1ኬዲው፣ ጭሱን የሚያጠብቡና የሚያሰፉ ክንፎች አሉት። ክንፎቹ ሰፍተው ከተያዙ መኪናው ከ2,000 ዙር በታች ሬሳ ነው፣ ከፍ ሲል ይነቃል። ጠብበው ከተያዙ ከሥር ጥሩ ይጎትታል፣ ላይ ሲደርስ ግፊቱ ከልክ አልፎ ይቆረጣል። በቫክዩም የሚታዘዘው ዓይነት ላይ ቫክዩም ሲጠፋ ክንፎቹ ይሰፋሉ፤ የተበጠሰች ቀጭን ቱቦ እዚህ ጉልበት ታሳጣለች፣ ዌስትጌቱ ላይ ግን ታበዛለች። አንዱን ጠባይ ይዞ ሌላውን የሚመረምር ሰው ቀኑን ሙሉ ይዞራል። 1ኬዲው ላይ ክንዱ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚዞረው፤ መያያዣውን ፈትታችሁ ክንዱን በጣት ስታንቀሳቅሱት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያነክስ መሄድ አለበት። የሚያነክስ ከሆነ ቤቱ ተፈትቶ ጥላሸቱ ይጸዳል። ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱ ቤቶች የተገናኙበትን አቅጣጫ በጭረት ምልክት አድርጉ፣ የማቆሚያዋን ቡሎን አትንኩ፤ በፋብሪካ የተለካች ናት።

ሻፍቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ስታወዛውዙት ትንሽ መነቅነቅ ጤነኛ ነው፤ ኩሽኔታው በዘይት ላይ ስለሚንሳፈፍ ቆሞ ሳለ ክፍተት አለው። ምላጩ ቤቱን የሚነካ ከሆነ አልቋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ግን በእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ መኖር የለበትም። የምላጩን ጠርዝ በባትሪ ተመልከቱ፤ የተሞረደና የተቆለመመ ከሆነ አቧራ ወይም ቁራጭ ገብቷል ማለት ነው፣ የፊልትሮው ቤት ሳይፈተሽ አዲስ ተርቦ አይገጠምም።

በ1ኬዲ አንድ የታወቀ ሰንሰለት አለ። የኢንጀክተሮቹ መቀመጫ ዋሸር ማሳለፍ ሲጀምር የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣና ዘይቱን ያበስለዋል። ዘይቱ ወደ ሬንጅነት ይለወጣል፣ ካርተሩ ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይዘጋል። መጀመሪያ የሚራበው ተርቦው ነው። ምልክቱ ጠዋት ሲነሣ የዘይት መብራት ለመጥፋት መዘግየቱ፣ የዘይት መሙያው ሲከፈት ጥቁር የተጋገረ ነገር መታየቱ እና ከአናት የሚሰማ የ«ቸፍ ቸፍ» ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ተርቦ ብቻ መቀየር ሁለተኛውንም መግደል ነው፤ ካርተሩ ይውረድ፣ ወንፊቱ ይታይ፣ ዋሸሮቹ ይቀየሩ።

ተርቦ ሲገጠም የዘይት መስጫ ቧንቧው በአዲስ ይተካል፤ ውስጡ የተጋገረው በማጠብ አይለቅም። መመለሻው ሳይታጠፍ ቁልቁል መውረድ አለበት። በዘይት ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ሲሊኮን አትቀቡ፤ የተጨመቀው ቁራጭ ተቆርጦ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መስጫውን ከማሰራችሁ በፊት በሲሪንጅ ንጹሕ ዘይት ጨምሩና ሻፍቱን በእጅ አዙሩ፣ ከዚያ ሞተሩ እንዳይነሣ አድርጋችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በማስነሻው አሽከርክሩ።

ከጥያቄዎቹ

«የዌስትጌቱን ዘንግ አሳጥሬ ግፊት ብጨምር ችግሩ አይፈታም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ግፊቱ ያነሰው በቀዳዳ ከሆነ ዘንጉን ማሳጠር ተርቦውን ይበልጥ ያስሮጠዋል፣ አየሩ ግን በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ተርቦው ቀድሞውንም ከባሕር ጠለሉ በላይ እየሮጠ መሆኑን አይተናል፤ ያንን ዘንግ ያሳጠረ ሰው ታርማ በር ላይ ምን እንደሚሆን ያስብ። ዘንጉ ተነክቶ ከሆነም ዳዶው ላይ የቁልፍ ጭረት ይገኛል፤ ያገለገለ ተርቦ ስትገዙ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ሌላው ጥያቄ፣ ከመጥፋቱ በፊት በሚኒሞ ምን ያህል ይቆይ የሚል ነው። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ደርሶ ለቆመ መኪና የተለየ ቆይታ አያስፈልገውም። ከዓባይ በረሃ ጭነት ይዞ ደጀን ወጥቶ ወዲያው ለሚቆም ግን ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይሥራ፤ ተርቦው በዚያ ሙቀት ላይ ዘይቱ ሲቆምበት ኩሽኔታው ጋ የቀረው ዘይት ተጋግሮ ከሰል ይሆናል። 10 ደቂቃ ማቆየት ጥቅም የለውም፣ ናፍጣ ነው የሚበላው።